«ጸጋው ርቆኝ ይሆን?»፦ እናቷን ለምታስታምም እህት የተሰጠ ምላሽ

ጥያቄ

እንደምን ሰነበቱ? የምጽፍልዎ ከጉለሌ ነው። ዕድሜዬ 41 ነው፤ ለእናቴ የመጨረሻ ልጅ ነኝ። እናቴን ስትሮክ ከመታት ሦስት ዓመት አልፏል። ቀኝ ጎኗ አይታዘዝላትም፤ ካለፈው ዓመት ወዲህ ደግሞ አእምሮዋም እየሳተ ሄዷል። አንዳንዴ እኔኑ «ሌባ! ከቤቴ ውጪ!» ትለኛለች። ሥራዬን ትቼ የማስታምማት እኔ ነኝ። አንዱ ወንድሜ ቨርጂኒያ፣ እህቴ ዱባይ ናቸው፤ ገንዘብ ይልካሉ፣ እግዚአብሔር ይስጣቸው። እዚሁ ከተማ ያለው ታላቅ ወንድሜ እሑድ እሑድ ብርቱካን ይዞ ይመጣል፤ ትንሽ ተቀምጦ «አንቺ ታድለሽ፣ ምርቃቷን የምትወስጂው አንቺ ነሽ» ብሎኝ ይሄዳል።

በፍልሰታ ጾም አንድ ሌሊት ለሦስተኛ ጊዜ አንሶላ ስቀይርላት እየጮኸች ሰደበችኝ፤ ፊቴንም ቧጨረችኝ። ክንዷን ጨምድጄ ያዝኩና «ምነው እግዚአብሔር ወስዶሽ ባረፍኩት!» አልኳት። ጠዋት ሳየው ክንዷ በልዟል። ከዚያ በፊትም ብዙ ጊዜ ጮኼባታለሁ። በእመቤታችን ሥዕል ፊት ቆሜ «ሁለተኛ አልቆጣም» ብዬ እምላለሁ፤ ሳምንት ሳይሞላ አፈርሰዋለሁ። ከዚያች ሌሊት ወዲህ አልቆረብኩም። ንስሐ አባቴንም እሸሻቸዋለሁ፤ ጠበል ሊረጩ ቤት ሲመጡ «ተኝታለች» ብዬ ከበር መልሻቸዋለሁ። ሰው ሁሉ «የተባረከች ልጅ» ይለኛል፤ ውስጤን የማውቀው ግን እኔ ነኝ። ለመጸለይ ስቆም ቃል ከአፌ አይወጣም። ደከመኝ ስል ደግሞ አንዲት ጓደኛዬ «ጸጋዬ ይበቃሃል ተብሎ የለ፣ ቻይው» አለችኝ። ጸጋው የሚበቃ ከሆነ እኔ እንዲህ የሆንኩት ጸጋው ርቆኝ ይሆን? መቁረብስ እችላለሁ?

መልስ

እህቴ፣ መጀመሪያ የእናትሽን ክንድ ነገር እናንሣ። ከሁሉ የሚከብድሽ እርሱ ስለሆነ ዙሪያውን ዞሬ ብመጣበት አይጠቅምሽም። ያደረግሽው ጥፋት ነው። እናትሽ ከአልጋዋ መውረድ የማትችል፣ የሚሆነውን እንኳ በቅጡ መናገር የማትችል፣ ያላንቺ ጠባቂ የሌላት ሰው ናት፤ በዚያች ሌሊት ደግሞ ከአንቺ የሚያስጥላት አልነበረም። «ደክሞሽ ነው፣ ማንም ያደርገዋል» የሚልሽ ሰው ሊያጽናናሽ ፈልጎ ነው፤ አንቺ ግን ያን ማጽናኛ እንዳልተቀበልሽው ደብዳቤሽ ይናገራል፤ ባለመቀበልሽም ልክ ነሽ። መጽሐፈ ሲራክ በምዕራፍ 3 ልጅ ወላጁን በእርጅናው እንዲረዳ ካዘዘ በኋላ፣ አእምሮው ቢጎድል እንኳ እንዲታገሠው፣ ጉልበት ስላለውም እንዳይንቀው ይመክራል። ሲራክ ቤታችንን ገብቶ ያየው ይመስላል። ጉልበት ያለው ልጅና አእምሮው የከዳው ወላጅ በአንድ ጣሪያ ሥር ሲከርሙ ምን ሊመጣ እንደሚችል ባያውቅ ኖሮ እንዲህ ብሎ ባልጻፈ ነበር። ከአንቺ በፊት ብዙ ሰው በዚህ በር አልፏል ማለት ነው።

ስለዚህ ይህ ንስሐ የሚገባበት ነገር ነው። እናትሽ ብትረዳሽም ባትረዳሽም፣ ረጋ ባለችበት ሰዓት ጉልበቷን ስመሽ «እማዬ፣ ይቅር በይኝ» በያት። ያልገባት ቢመስልሽም አንቺ ያልሽውን ታውቂዋለሽ፤ እግዚአብሔርም ይሰማዋል።

ቀጥሎ የምነግርሽንም በዚያው ልክ አክብደሽ ስሚኝ። መድከምሽ ኃጢአት አይደለም። ሦስት ዓመት ሙሉ ሌሊት ሳትተኚ ከርመሽ ትዕግሥትሽ ማለቁ፣ ስድቧን ስትሰሚ ልብሽ መቁሰሉ፣ የተበላሸውን አንሶላ ስታዪ ማልቀስሽ ንስሐ የሚገባበት ነገር አይደለም። አንቺ ግን ክንዷን መጎዳትሽንና መድከምሽን አንድ ላይ ቋጥረሽ ሁለቱንም «ኃጢአቴ» እያልሽ ተሸክመሻል። የሚያስከትለውን ተመልከቺ፦ በደል በንስሐ ይሰረያል፤ ድካም ግን በእንቅልፍና በረዳት እንጂ በስግደት አይለቅም። ድካሙን እንደ ኃጢአት ቆጥረሽ ስትናዘዢው በማግስቱ ተመልሶ ይመጣል፤ ያኔ «ንስሐዬ አልያዘም፣ እግዚአብሔር አልተቀበለኝም» ትያለሽ። ንስሐሽ ያልያዘ እየመሰለሽ የተቸገርሽው፣ በእኔ ግምት፣ በዚህ ምክንያት ነው።

መሐላሽን እንተወው። በእመቤታችን ሥዕል ፊት ቆመሽ «ሁለተኛ አልቆጣም» ማለትሽን አቁሚ። ይህን የምልሽ መሐላውን ስላቃለልኩት ሳይሆን፣ የምትምዪው በሌለሽ ጉልበት ስለሆነ ነው። ጌታ በተያዘባት ሌሊት ጴጥሮስም እንዲሁ ቃል ገብቶ ነበር። በሉቃስ ወንጌል ምዕራፍ 22 እንደምናነበው፣ ከጌታ ጋር ወደ ወኅኒም ወደ ሞትም ለመሄድ መዘጋጀቱን ከልቡ ተናገረ፤ ሲናገርም አልዋሸም። ዶሮ ከመጮኹ በፊት ግን ሦስት ጊዜ ካደ። እኔን ሁልጊዜ የሚያስቆመኝ ከዚያ ቀደም ብሎ ያለው ንግግር ነው። ጌታ ጴጥሮስ እንደሚወድቅ ያውቅ ነበር፤ ከመውደቁም በፊት «እምነትህ እንዳይጠፋ ስለ አንተ አማለድሁ» ብሎታል። እንዳትወድቅ ጸለይሁልህ አላለውም። ወድቆም እምነቱ እንዳይጠፋ፣ ከወደቀበትም እንዲመለስ ጸለየለት፤ ሲመለስም ወንድሞቹን እንዲያጸና አዘዘው። ውድቀቱ ሳይመጣ መመለሻው ተዘጋጅቶ ነበር። እግዚአብሔር በዚያች ሌሊት በአንቺ ነገር የደነገጠ፣ «እንዲህ መሆኗን አላወቅሁም ነበር» ብሎ ፊቱን ያዞረ አይምሰልሽ። አንቺ ስለ ራስሽ አሁን ያወቅሽውን እርሱ ሦስት ዓመት ሙሉ እያወቀ ነው አብሮሽ ያደረው።

በመሐላው ፈንታ ልመና ይሁን። ያው ጴጥሮስ በባሕሩ ላይ መስጠም ሲጀምር «ጌታ ሆይ፣ አድነኝ» አለ። ጸሎቱ ይህችው ብቻ ናት፤ ማቴዎስም ጌታ ወዲያው እጁን ዘርግቶ እንደያዘው ጽፏል። ሌሊት ስትጠራሽ፣ አንሶላውን ከመንካትሽ በፊት በሩ ላይ ቆም ብለሽ «ጌታ ሆይ፣ ልቆጣ ነው፤ ያዘኝ» በዪ። «አልቆጣም» የሚል ሰው በራሱ ይተማመናል፤ «ልቆጣ ነው» የሚል ሰው ግን እውነቱን ለሚረዳው ተናግሯል።

አሁን ወደ ጓደኛሽ ጥቅስ ልምጣ፤ በዚህ ነገር ልቤ ስለሚቃጠል ረዘም አድርጌ ብናገር ታገሺኝ። «ጸጋዬ ይበቃሃል» የሚለው ቃል በአገራችን የደከመን ሰው ዝም ማሰኛ ሆኗል። አስታማሚዋ ደከመኝ ስትል፣ መበለቲቱ አቃተኝ ስትል፣ ቃሉን ወርወር አድርገንላት እንሄዳለን፤ ከዚያ በኋላ እንደ ወንድምሽ «ታድለሽ» እንላለን። ቃሉ ግን የተሰጠው ሰው ዝም እንዲልበት አልነበረም። ቅዱስ ጳውሎስ በሁለተኛይቱ የቆሮንቶስ መልእክት ምዕራፍ 12 «የሥጋዬ መውጊያ» ያለው ነገር ነበረበት። ምን እንደሆነ ለይቶ አልነገረንም። እንዲርቅለት ጌታን ሦስት ጊዜ ለመነ፤ ያገኘው መልስ «ጸጋዬ ይበቃሃል፣ ኃይሌ በድካም ይፈጸማልና» የሚል ነበር። መውጊያው አልተነቀለም። ጸጋው ግን የመጣው ድካሙ ካለቀ በኋላ አልነበረም፤ ድካሙ እያለ፣ እዚያው ድካሙ ውስጥ መጣ። አንቺ «እንዲህ የሆንኩት ጸጋው ርቆኝ ይሆን?» ብለሽ ጠይቀሻል። በዚህ ቃል መሠረት ከሆነ፣ መድከምሽ ጸጋው ለመራቁ ምልክት ሊሆን አይችልም፤ ጳውሎስም ደካማ በነበረበት ቦታ ነው ያገኘው።

ጸጋው ለጳውሎስ እንዴት እንደደረሰውስ አይተሻል? እዚያው መልእክት ውስጥ ወደ ኋላ ተመለሺ። በምዕራፍ 1 በእስያ የደረሰባቸው መከራ ከዓቅማቸው በላይ ሆኖ በሕይወት ለመኖር እንኳ ተስፋ እስኪቆርጡ እንደከበዳቸው ይናገራል። ሐዋርያው ነው ይህን የጻፈው። በምዕራፍ 7 ደግሞ መቄዶንያ ሲደርሱ ሥጋቸው ዕረፍት እንዳጣ፣ በውጭ ጠብ በውስጥ ፍርሃት እንደነበረባቸው ይነግረናል። ከዚያም እንዲህ ይላል፦ «ነገር ግን ኀዘንተኞችን የሚያጽናና አምላክ በቲቶ መምጣት አጽናናን።» በቲቶ መምጣት! እግዚአብሔር ጳውሎስን ያጽናናው መልአክ ልኮ አልነበረም፤ ድምፅም ከሰማይ አልመጣም። አንድ ወዳጁ መንገድ ሄዶ ደረሰ፣ ወሬ ነገረው፣ አብሮት ሆነ። ጳውሎስም ቲቶ መጣልኝ ብሎ ብቻ አላለፈም፤ በቲቶ ያጽናናው እግዚአብሔር እንደሆነ አወቀ። «ጸጋዬ ይበቃሃል» የሚለውን የጻፈልን ሰው ጸጋን የሚቀበለው እንዲህ ነበር።

እህቴ፣ አንቺ ጸጋውን ከላይ ብቻ ስትጠብቂ ከርመሻል፤ እንዳትደክሚ፣ እንዳትቆጪ አድርጎ እንዲለውጥሽ። ሊያደርገው ይችላል፤ አንዳንዴም ያደርጋል። ግን የሚልክልሽ ሰውም ጸጋው ነው። ንስሐ አባትሽ ጠበል ይዘው ደጅሽ የቆሙት ምናልባት የተላኩልሽ ቲቶ ሆነው ይሆናል።

ስለ ሌሊቱ ጥቂት የተግባር ነገር ልጨምር፤ ይህም ከመንፈሳዊው ነገር የተለየ አይደለም። ቁጣው ሲመጣብሽ ሥራውን አቋርጪ። እናትሽ እንዳትወድቅ አስተካክለሽ አስተኚያትና ከክፍሉ ውጪ፤ ውሃ ጠጪ፣ ፊትሽን ታጠቢ፣ ስትረጋጊ ተመለሺ። አሥር ደቂቃ እርጥብ አንሶላ ላይ ብትቆይ ምንም አይደርስባትም፤ የተቆጣ እጅ ግን ይጎዳታል። ከአንሶላው በታች ላስቲክ፣ ከላይ ደግሞ ተጣጥፎ የሚነሣ ጨርቅ ብታደርጊና ሌሊት ዳይፐር ብትጠቀሚ ሙሉ አንሶላ የምትቀይሪበት ጊዜ ይቀንሳል። ምናልባት ይህን ታደርጊው ይሆናል፤ ከሆነ እለፊው።

ሐኪምም ያስፈልጋታል። የሚጮኸውና የሚሳደበው በሽታው ነው። አእምሮአቸው የተጎዳ አረጋውያን ብዙዎቹ ሲመሽ ግራ መጋባታቸው ይብሳል፤ የሚያስታምማቸውን ሰው ሌባ ማለትም በዚህ ሕመም የተለመደ ነው፤ አንቺን ብቻ መርጣ የጠላችሽ እንዳይመስልሽ። ጠባይዋ በአጭር ጊዜ ውስጥ የባሰበት ከሆነ ደግሞ የሽንት ቧንቧ ኢንፌክሽን፣ የሆድ ድርቀት ወይም መናገር ያልቻለችው ሕመም ሊሆን ይችላል፤ እነዚህ የሚታከሙ ናቸው። ክንዷንም ለሐኪሙ አሳዪው፤ እንዴት እንደሆነም አትደብቂ። ስትሮክ የመታቸው ሰዎች ብዙ ጊዜ የሚሰጣቸው ደም እንዳይረጋ የሚያደርግ መድኃኒት ሰውነታቸው በቀላሉ እንዲበልዝ ያደርጋል፤ ስለዚህ ሐኪሙ ማየት አለበት።

ለአልጋ ቁራኛ ሰው ቁስል እንዳያወጣ በየሁለት ሰዓቱ ማገላበጥ ይመከራል። ይህ በቀንና በሌሊት 12 ጊዜ ማለት ነው። ሆስፒታል ውስጥ ይህን የሚሠሩት ነርሶች በፈረቃ ነው፤ ጠዋት የገባችው ማታ ቤቷ ሄዳ ትተኛለች። አንቺ ግን ፈረቃ የሚቀይርሽ ሰው የለም። እግዚአብሔር ከአንድ ሰው እንቅልፍ አልባ ሆኖ መኖርን አይጠብቅም፤ የፈጠረን እርሱ ስለሆነ አፈር መሆናችንን ያውቃል።

ነቢዩ ኤልያስ ከኤልዛቤል ሸሽቶ በምድረ በዳ ከአንድ ዛፍ ሥር ተቀምጦ «ይበቃኛል፣ ነፍሴን ውሰድ» ብሎ ነበር። እሳት ከሰማይ ያወረደው ነቢይ ነው እንዲህ ያለው። እግዚአብሔርም አልገሠጸውም። እንዲተኛ ተወው፤ መልአኩም ቀስቅሶ እንጎቻና ውሃ ሰጠው፤ እንደገና ተኛ፤ እንደገና ቀሰቀሰውና መንገዱ ሩቅ ስለሆነ ብላ አለው። «ኤልያስ ሆይ፣ በዚህ ምን ታደርጋለህ?» የሚለው ጥያቄ የመጣው ከዚህ ሁሉ በኋላ ኮሬብ ሲደርስ ነው። ይህን የማነሣልሽ በፍልሰታ ሌሊቱን ስትነሺ አድረሽ፣ ቀኑን ደግሞ እስከ ዘጠኝ ሰዓት ሳትቀምሺ ውለሽ ይሆናል ብዬ ስለገመትኩ ነው። ጾም የቤተ ክርስቲያን ሥርዓት ነውና በራስሽ ፈቃድ ፍቺው አልልሽም። ግን የሌሊትሽን ሁኔታ ለንስሐ አባትሽ ንገሪያቸው፤ በምን ሰዓት እንደምትመገቢ፣ ስግደቱንም ምን ያህል እንደምትችዪ እርሳቸው ይወስኑልሽ። አባት የተሰጠን ለዚህም ነው።

ወደ መቁረብ ጥያቄሽ መጣሁ። ሥርዓቱን ታውቂዋለሽ፦ ወደ ንስሐ አባትሽ ሄደሽ ትናዘዣለሽ፣ የሚሰጡሽን ቀኖና ትፈጽሚያለሽ፣ «እግዚአብሔር ይፍታሽ» ሲሉሽ ትቆርቢያለሽ። ስትናዘዢ ሁለቱን ነገር ለይተሽ ተናገሪ። «ክንዷን ጎድቻለሁ፣ እንድትሞት ተመኝቻለሁ፣ መሐላዬን አፍርሻለሁ» በዪ፤ ይህ በደሉ ነው። ከዚያ «ሦስት ዓመት ሙሉ በቅጡ አልተኛሁም፣ ረዳት የለኝም» በዪ፤ ይህ ደግሞ ችግርሽ ነው። ከበር የመለስሻቸው ስለሆነ ታፍሪ ይሆናል። ይቀየሙኛል ብለሽ አትፍሪ፤ እንዲህ ያለ ነገር ሲሰሙ የመጀመሪያቸው አይሆንም፣ የሰሙትንም ከአፋቸው አያወጡም።

የማልበቃ ነኝ የሚለው ፍርሃት ግን ከቀኖናው በኋላም ላይለቅሽ ይችላል። በቤተ ክርስቲያናችን ብዙ ጎልማሶች በዚሁ ፍርሃት ከሥጋ ወደሙ ርቀው ይኖራሉ፤ ቅዳሴውን ቆመው ያስቀድሱና ሕፃናትና አረጋውያን ሲቆርቡ ያያሉ። እስኪ ቅዳሴውን አስታውሺ። ካህኑ «ቅድሳት ለቅዱሳን» ይላሉ፤ የተቀደሰው ለተቀደሱት ነው ማለት ነው። ይህን ስንሰማ ሁላችንም ከቤታችን ይዘን የመጣነው ጉድ ትዝ ይለናል። ሕዝቡ የሚመልሰው ግን «እኛ ቅዱሳን ነን» ብሎ አይደለም። «አሐዱ አብ ቅዱስ፣ አሐዱ ወልድ ቅዱስ፣ አሐዱ ውእቱ መንፈስ ቅዱስ» ይላል። ቅድስናው የእርሱ እንደሆነ ተናግረን ነው የምንቀርበው። አንቺ ንጹሕ ሆኜ እስክገኝ ልቆይ ካልሽ መቼም አትቀርቢም፤ የሚያነጻሽ እርሱ ነውና።

«ምነው በወሰደሽ» ስላልሽው ነገር አጭር ቃል ልናገር። ሰው በድካሙ ጥግ ሞትን ሲመኝ በመጽሐፍ ቅዱስ አዲስ አይደለም፤ ኤልያስን አነሣንልሽ፣ ሙሴም በዘኍልቍ ምዕራፍ 11 ከዚህ ሸክም ይልቅ ግደለኝ ብሎ ለምኗል። እነርሱ የተመኙት ለራሳቸው ነው፤ አንቺ ደግሞ በእናትሽ ላይ ስለተናገርሽው ይጸጽትሽ፤ ይጸጸትሻልም። ግን ምኞቱ መከራው እንዲያበቃ ከመፈለግ የመጣ እንደሆነ፣ እናትሽን ከመጥላት እንዳልመጣ አስቢ። ሐሳቡ እየደጋገመ የሚመጣብሽ፣ እጄን አነሣባታለሁ ብለሽ የምትፈሪ፣ ወይም ራስሽን መጉዳት የሚታሰብሽ ከሆነ ግን በዚያው ቀን ከእርሷ ጋር ሌላ ሰው አስቀምጪና ወደ ሐኪም ሂጂ። በአቅራቢያሽ ያለው ጤና ጣቢያ ያይሻል፤ አማኑኤል ሆስፒታልም እዚያው አዲስ አበባ ነው። ይህን ማድረግ እምነት ማነስ አይደለም። ያው ሲራክ በምዕራፍ 38 ሐኪምን አክብር፣ የፈጠረው እግዚአብሔር ነውና ይላል። ከጠበሉም ከጸሎቱም ጋር አይጣላም።

ጸሎት ከአፌ አይወጣም ላልሽውም፣ ሮሜ ምዕራፍ 8 መንፈስ ቅዱስ ድካማችንን እንደሚያግዝ፣ እንዴት እንደምንጸልይ በማናውቅበት ጊዜ በማይነገር መቃተት እንደሚማልድልን ይናገራል። ቃል ካጣሽ «እግዚኦ መሐረነ ክርስቶስ» ይበቃል። እርሱም ካቃተሽ ከእናትሽ አልጋ አጠገብ ተቀምጠሽ ዝም በዪ።

የቀረው ወንድሞችሽና እህትሽ ናቸው፤ ሳይሆን አይቀርም ከሁሉ የሚከብድሽም ይህ ነው። ሙሴ ይህን ሕዝብ ብቻዬን ልሸከም አልችልም ባለ ጊዜ እግዚአብሔር የሙሴን ጉልበት እጥፍ አላደረገለትም። ሰባ ሽማግሌዎች ሰብስብ አለው፤ በእርሱ ላይ ካለው መንፈስ ወስዶ በእነርሱ ላይ አደረገ፤ ብቻውንም እንዳይሸከም አብረውት እንዲሸከሙ አደረጋቸው። አንቺ ግን ለዘመዶችሽ «አቅቶኛል» አላልሽም፤ እንዲያውም «ደህና ነን» የምትያቸው ይመስለኛል። ገንዘቡ ጥሩ ነው፤ ገንዘብ ግን ሌሊት ተነሥቶ አያገላብጥም። ታላቅ ወንድምሽ ክፉ ሰው ነው ብዬ አልገምትም፤ ባላየው ቤት ሌሊቱ ምን እንደሚመስል አያውቅም። ስለዚህ በግማሽ ልብ «ትንሽ ደክሞኛል» ብለሽ አትጻፊ፤ ትከሻውን ነቅንቆ ያልፈዋል። እንዲህ ብለሽ ለሦስቱም በአንድ ላይ ላኪላቸው፦

«እማዬን ብቻዬን ማስታመም አቅቶኛል። በድካም ብዛት ተቆጥቼ ክንዷን ጎድቻታለሁ፤ እንዳይደገም እፈራለሁ። ጋሼ፣ ከመጪው ቅዳሜ ጀምሮ በየሳምንቱ ቅዳሜ ሌሊት አንተ እዚህ እደር፤ እኔ ሌላ ቤት ሄጄ እተኛለሁ፣ እሑድም አስቀድሼ እመለሳለሁ። እናንተ ውጭ ያላችሁት፣ ከምትልኩት ላይ ጨምራችሁ ሌሊት የምታግዘኝ አስታማሚ እንቅጠር። የዓመት ዕረፍታችሁንም በየተራ እዚህ እንድታሳልፉ እለምናችኋለሁ። ምርቃቷን ሁላችንም እንካፈል።»

ወንድምሽ የመጀመሪያውን ቅዳሜ ሲያድር ተቀምጠሽ አታሳዪው። የማገላበጫውን ሰዓት በወረቀት ጻፊለት፣ ላስቲኩና ቅያሪ ጨርቁ የት እንዳሉ ንገሪው፣ መድኃኒቷን በሰዓት በሰዓቱ ለይተሽ አስቀምጪለትና ሂጂ። የጽዋ ማኅበር ካለሽ ወይም የምታምኛት ጎረቤት ካለች፣ በሳምንት አንድ ከሰዓት በኋላ መጥታ ሁለት ሰዓት እንድትቀመጥልሽ ጠይቂ፤ ብዙ ሰው ምን ልርዳት እያለ ሳይጠየቅ ነው የሚቀረው። መልእክቱን ግን ዛሬ ሳይመሽ ላኪው።